ከቆረቆር ፀጉር እስከ ኑግ ሚዲያ፦ የፈንገስ በሽታ በላብራቶሪ እንዴት ይለያል?

ክረምት ላይ ባሕር ዳር ውስጥ እንጀራ ከመሶብ ሦስት አራት ቀን ካደረ ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል። መጀመሪያ እንደ ባዘቶ የሳሳ ነጭ ነገር ይታያል። ቀን ሲጨምር ነጩ ላይ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር አቧራ ይነሰነሳል። ስለ ፈንገስ ማወቅ ከሚያስፈልገው ብዙው እዚያ እንጀራ ላይ አለ።

ባዘቶው የፈንገሱ አካል ነው። እያንዳንዱ ክር ሃይፋ ይባላል፤ ክሮቹ ተጠላልፈው የሚሠሩት ድር ማይሲሊየም ነው። አቧራው ዘሩ ነው፤ ስፖር ይባላል። ከረጢት ውስጥ ሳይታሸግ ከክሩ ጫፍ ወይም ጎን የሚወጣው የስፖር ዓይነት ደግሞ ኮኒዲያ ነው። አቧራው በታየ ጊዜ ክሩ እንጀራው ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ ላይ ላዩን ፍቆ መብላት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

በሰው ፀጉር፣ ጥፍርና ቆዳ ላይም ይኸው ይሆናል፤ አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። ፈንገሱ ሰው አካል ላይ ሳለ እንጀራው ላይ እንደምናየው ዓይነት መለያ የሚሆን ዘር አያወጣም። ከታማሚው በቀጥታ በተወሰደ ናሙና ላይ የሚታየው ክርና የተቆራረጠ ክር ብቻ ነው። ፈንገስ መኖሩን ያን ጊዜ እናውቃለን፤ የትኛው ፈንገስ እንደሆነ ግን አናውቅም። ስሙን ለማወቅ ከሰው አውጥቶ፣ ምግብ ሰጥቶ፣ ዘር እስኪያወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል። የፈንገስ ላብራቶሪ ሥራ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች ይከፈላል፦ አለ ወይ? ማን ነው?

ሁለተኛው የፈንገስ መልክ እርሾ ነው። የጠላን ጥንስስ የሚያፈላው፣ ጠጁን የሚያሰክረው ፈንገስ ክር የለውም። አንዲት ክብ ወይም ሞላላ ሕዋስ ናት፤ ከጎኗ እንቡጥ ታወጣለች፣ እንቡጡ አድጎ ይገነጠላል። አፍና ብልት ላይ ነጭ ንጣፍ የሚያመጣው ካንዲዳ፣ የአንጎል ሽፋን የሚያሳብጠው ክሪፕቶኮከስ ከዚህ ወገን ናቸው። ሦስተኛዎቹ እንደ ሙቀቱ መልካቸውን ይለውጣሉ፦ በ25 ዲግሪ ሻጋታ፣ በ37 ዲግሪ እርሾ። ዋናው ምሳሌ ሂስቶፕላዝማ ነው። የጋሪ ፈረሶችን እግርና አንገት ተርታውን እያቆሰለ ከሥራ የሚያወጣው በሽታ መነሻው ከዚሁ ወገን የሆነ ፈንገስ ነው።

ፈንገስ ዕፅ አይደለም፤ ፀሐይ አይመግበውም። ኤንዛይም ወደ ውጭ አውጥቶ ያረፈበትን ነገር ያሟሟል፤ የሟሟውን ይመጥጣል። ቆረቆርና ጭርት የሚያመጡት ዴርማቶፋይት የሚባሉት የሚበሉት ኬራቲንን ነው፤ ፀጉር፣ ጥፍርና የቆዳው ሙት ሽፋን የተሠሩበትን ፕሮቲን። ሕያው ሥጋ ውስጥ ብዙም ዘልቀው የማይገቡት ምግባቸው ላይ ስላለ ነው።

በሕዋስ ደረጃ ፈንገስ ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል፤ እንደ እኛ ኒውክሊየስ አለው። አሞክሲሲሊን ባክቴሪያን የሚገድለው ግድግዳውን እንዳይሠራ አድርጎ ነው። የፈንገስ ግድግዳ ግን ከሌላ ነገር፣ በተለይ ከካይቲንና ከግሉካን የተሠራ ስለሆነ (ካይቲን የጢንዚዛ ቅርፊትም የተሠራበት ነው) አሞክሲሲሊን ምንም አያደርገውም። ፈንገስን ሳይጎዱን ለመምታት ከቀሩት ጥቂት ልዩነቶች ዋናው የሕዋሱ ሽፋን ስብ ነው፤ የእኛ ኮሌስትሮል ሲሆን የእሱ ኤርጎስቴሮል ነው። ቴርቢናፊንና ፍሉኮናዞል ኤርጎስቴሮል እንዳይሠራ በሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ያግዳሉ፤ አምፎቴሪሲን ቢ የተሠራውን ኤርጎስቴሮል ይይዘዋል። ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ያለ ምርመራ የሚቀባ የስቴሮይድ ክሬም ነው። መቅላቱንና ማሳከኩን ያስታግሳል፤ ሰውየው ዳነ ብሎ ሲያስብ ፈንገሱ ያለ ተከላካይ ይሰፋል፣ የጭርቱም ክብ ጠርዝ ይጠፋና ሐኪሙም ሳይለየው ይቀራል።

አሁን የአንድ ሕፃን ራስ እንውሰድ። ፀጉሩ እዚህም እዚያም ተመልጧል፣ ቅርፊት አለው፣ በተመለጠው ቦታ ላይ እንደ ነጥብ ያሉ ጥቁር ጉቶዎች ይታያሉ። በአገራችን የራስ ቆረቆር ሲመረመር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም ነው። ይህ ፈንገስ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ስለሚሞላው ፀጉሩ ከራስ ቅሉ ቆዳ እኩል ይሰበራል፤ ጥቁር ነጥቦቹ የተሰበረው ፀጉር ጉቶዎች ናቸው።

ስሕተቱ በብዛት የሚፈጠረው እዚህ፣ ናሙና ሲወሰድ ነው። ረጅምና ጤነኛ ፀጉር መቁረጥ ቀላል ነው፤ ግን ምንም አይገኝበትም። የሚያስፈልገው ጉቶው ነው። ቦታው በ70% አልኮል ይጠረግና እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ አልኮሉ ባክቴሪያውንም፣ ራስ ላይ የተቀባውን ቅቤም ያነሳል። ቅቤው ካልተነሳ በማይክሮስኮፕ ሥር የስብ ጠብታ ክብ ሆኖ ስፖር ይመስላል። ከዚያ ጉቶዎቹ በወረንጦ ይነቀላሉ፤ ወረንጦ የማይዛቸውን ጥቁር ነጥቦች በደነዘዘ ስካልፔል (የቀዶ ሕክምና ምላጭ) ጫፍ ቆፍሮ ማውጣት ነው። ቢያንስ 10 ጉቶና ከተመለጠው ቦታ ጠርዝ የተፋቀ ቅርፊት ያስፈልጋል።

ጭርት ከሆነ የሚፋቀው ዳር ዳሩ ነው። ፈንገሱ ከመሃል ወደ ውጭ እየሰፋ ስለሚሄድ መሃሉ ብዙ ጊዜ የተተወ ቤት ነው። ጥፍር ሲሆን የላላው ጫፍ ተቆርጦ ይጣላል፤ እዚያ ያለው የአፈርና የአየር ሻጋታ ነው። የሚወሰደው ከጥፍሩ ሥር፣ ከጤነኛው ክፍል አጠገብ ያለው ፍርፋሪ ነው።

ናሙናው በጥቁር ወረቀት ይታጠፋል፤ ነጭ ቅርፊት ጥቁር ላይ ስለሚታይ፣ ወረቀትም እርጥበት ስለሚያስወጣ። ክዳኑ በጥብቅ በሚዘጋ እርጥብ ዕቃ ከገባ ባክቴሪያ ይውጠዋል። ፍሪጅ ውስጥም አይቀመጥም፤ አንዳንድ ዴርማቶፋይት ቅዝቃዜ አይወድም፣ ደረቅ ወረቀት ውስጥ ግን በክፍል ሙቀት ለቀናት ይቆያል። ወረቀቱ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ የተወሰደበት ቦታና ቀን፣ ምን እንደተቀባ፣ ቤት ውስጥ ከብት፣ ድመት ወይም ውሻ መኖሩ ይጻፋል። የፈንገስ ቅባት ሲቀባ የነበረ ሰው ከተቻለ ለ2 ሳምንት ያህል አቁሞ ቢመረመር ይሻላል።

የመጀመሪያው ምርመራ ርካሽና ፈጣን ነው፦ ኬኦኤች፣ ማለትም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ። ኬራቲኑን ያሟሟዋል፤ የፈንገሱን ግድግዳ ግን ቶሎ ስለማይነካው ፀጉሩና ቅርፊቱ ሲጠራ ክሩ ይቀራል። ለቆዳ 10%፣ ለፀጉርና ለጥፍር 20% ይበቃል። 20 በመቶውን ለማዘጋጀት 20 ግራም ጥራጥሬ 80 ሚሊ ሊትር በሚሆን ንጹሕ ውኃ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል፤ ሲሟሟ በጣም ስለሚግል ዕቃው ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ይቀመጣል። ሲበርድ በውኃ 100 ሚሊ ሊትር ይሞላል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ግዴታ ናቸው፤ ዓይን ከነካ ያሳውራል። የሚቀመጠው በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ መስታወትን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ክዳኑ ክፍት ከቆየ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስቦ ይደክማል። ነጭ ዝቃጭ ያወጣ ኬኦኤች ይጣል።

አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ፣ ጉቶዎቹ በላዩ፣ ከዚያ ከቨር ስሊፕ፣ ማለትም ስስ የመስታወት ክዳን። ፀጉር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ወይም በጣት ከተጫኑት ፀጉሩ ይፈርስና ስፖሮቹ ከውስጥ ይሁኑ ከውጭ መለየት አይቻልም። ቆዳ እስከ 15 ደቂቃ፣ ወፍራም ጥፍር ሰዓታት አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ይፈልጋል። ለማፋጠን እሳት ላይ ማሳለፍ ይቻላል፤ እንዲፈላ መተው ግን አይገባም፣ ከፈላ ኬኦኤቹ እንደ ጨው ይረጋና እይታውን ይሸፍናል።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ ብርሃኑን ማብዛት ልማድ ነው፤ ፈንገስ ግን ቀለም የለውምና በጠራ ብርሃን ይጠፋል። ብርሃን ሰብሳቢው ኮንደንሰር ዝቅ፣ የብርሃኑ ቀዳዳ አይሪስ ጠበብ ይደረጋል። በ10 እጥፍ ሌንስ ተፈልጎ በ40 እጥፍ ይረጋገጣል። እውነተኛ ሃይፋ ወጥ ውፍረት አለው፣ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ የሕዋሶቹን ወሰን ሳይከተል አቋርጦ ያልፋል። ጀማሪን የሚያታልለው በቆዳ ሕዋሶች መካከል የሚፈጠር የኮሌስትሮል መረብ ነው፤ እሱ ግን የሕዋሶቹን ጠርዝ ብቻ ይከተላል። የጥጥ ክር ደግሞ ይጠማዘዛል፣ ውፍረቱም አንድ አይደለም። ለዚህ ነው ቦታውን በጥጥ ሳይሆን በጎዝ መጥረግ የሚመከረው።

ያ ሕፃን ቫዮላሲየም ካለበት ጉቶው በተሰደሩ ክብ ስፖሮች (የተቆራረጠው ክር ነው) ተሞልቶ እንደ ከረጢት ይታያል። ስፖሮቹ ፀጉሩን ከውጭ ከበው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከድመትና ከውሻ የሚመጣው ማይክሮስፖረም ካኒስ፣ ወይም ከከብት የሚመጣው ትራይኮፋይተን ቬሩኮሰም ሊሆን ይችላል። ከእንስሳ የመጣው ብዙ ጊዜ እብጠትና መግል ያመጣል፤ ራስ ላይ ሲሆን እባጭ ይመስልና በምላጭ ይከፈታል። መከፈት የለበትም። መግሉ ሰውነት ለፈንገሱ የሰጠው ምላሽ ነው፤ መድኃኒቱ በአፍ የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት ነው።

በጣና ዳር እግራቸው ቀኑን ሙሉ እርጥብ የሆነ ዓሣ አስጋሪዎችና ታንኳ ቀዛፊዎች፣ ኮንጎ ጫማ ውስጥ እግራቸው ሲያልብ የሚውል ገበሬዎችም የእግር ጣት መሃል መላላጥ አይጠፋቸውም። ሁሉም ፈንገስ አይደለም። ባክቴሪያ ብቻውን እንዲህ ያደርጋል፤ አንድ ጠብታ ኬኦኤች ሁለቱን ይለያል።

ማን እንደሆነ የሚታወቀው በካልቸር፣ ማለትም ፈንገሱን ምግብ ላይ በማብቀል ነው። ምግቡ ሚዲያ ይባላል፤ የዚህኛው ስም ሳቡሮ አጋር ነው፤ ስሙ ከ1864 እስከ 1938 ከኖረው ፈረንሳዊ የቆዳ ሐኪም ከሬሞን ሳቡሮ የመጣ ነው። በ1 ሊትር ውኃ 40 ግራም ግሉኮስ፣ 10 ግራም ፔፕቶንና 15 ግራም አጋር፤ ፒኤቹ 5.6። ስኳሩና አሲድነቱ ለፈንገስ ያደላሉ። ባክቴሪያን ለማገድ 50 ሚሊ ግራም ክሎራምፌኒኮል፣ የአየር ሻጋታን ለማገድ 500 ሚሊ ግራም ሳይክሎሄክሳማይድ ይጨመራል። ይህ የመጨረሻው ግን ክሪፕቶኮከስን፣ አስፐርጂለስንና አንዳንድ ካንዲዳዎችንም ያግዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ናሙና ሁለት ቱቦ ይፈልጋል፦ አንዱ ሳይክሎሄክሳማይድ ያለው፣ አንዱ የሌለው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መጠቀም ገንዘብ ያተረፈ ይመስላል፤ በሽታው ግን ያመልጣል።

ባሕር ዳር ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሚዲያ የሚበስለው በአውቶክሌቭ፣ ማለትም በእንፋሎት ግፊት ጀርም በሚገድል ዝግ ድስት ነው። መመሪያዎች «በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ለ15 ደቂቃ» የሚሉት በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ ስለሚሰጥ ነው። እዚህ ያው 15 ፒኤስአይ የሚሰጠው 118 ዲግሪ ያህል ነው፤ 121 ለመድረስ 18 ፒኤስአይ አካባቢ ያስፈልጋል። ግፊት መለኪያውን ብቻ አምኖ ሚዲያ የሚያበስል ላብራቶሪ በሳምንቱ ሚዲያው ራሱ ሲበቅል ያገኘዋል፤ ጥፋቱንም ባላጠፋው ናሙና ያሳብባል። ቴርሞሜትር ያለው አውቶክሌቭ ከሆነ የሚታመነው ሙቀቱ ነው። መጀመሪያ አየሩ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ማረጋገጥም እንዲሁ ያስፈልጋል፤ አየር ከቀረ ግፊቱ ትክክል ሆኖ ሙቀቱ ይጎድላል።

ናሙናው ከተዘራ በኋላ ቱቦዎቹ ክዳናቸው ላላ ተደርጎ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ለ4 ሳምንት ይቀመጣሉ፤ ፈንገስ አየር ይፈልጋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይታያሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ መስኮት ላይ የተተወ ካልቸር ይዘገያል። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ማይት የሚባሉ መዥገር መሰል ጥቃቅን ፍጥረታትን ይጠራል፤ ከአንዱ ቱቦ ወደ ሌላው እየዞሩ ዘር ያደባልቃሉ። ሻጋታ የማይክሮስኮፑ ሌንስ ላይም ይበቅላልና ሌንሱ ሲሊካ ጄል ካለበት ዝግ ሣጥን ውስጥ ይደር።

ካልቸር አይሸተትም። ክዳን ከፍቶ በአፍንጫ መለየት የሚሞክር አለ፤ ቱቦው ውስጥ ያለው የሻጋታ መልኩን የያዘ ሂስቶፕላዝማ ከሆነ ሳንባውን ለበሽታ ከፍቶ ሰጠ ማለት ነው። ጥጥ የመሰለ ያልታወቀ ሻጋታ ሁሉ የሚከፈተው በባዮሴፍቲ ካቢኔት፣ ማለትም አየሩን እያጣራ ሠራተኛውን በሚጠብቅ ሣጥን ውስጥ ነው። ሰፊ ፔትሪ ዲሽ ሳይሆን ያጋደለ ቱቦ የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሲበቅል መጀመሪያ በዓይን ይታያል፦ ፍጥነቱ፣ የላዩ ቀለም፣ የጀርባው ቀለም፣ ጥጥ ነው ወይስ ዱቄት ወይስ ሰም። ከዚያ ግልጽ ፕላስተር በቀስታ ተነክቶ ላክቶፌኖል ኮተን ብሉ ባለበት ስላይድ ላይ ይለጠፋል። ፌኖሉ ይገድለዋል፣ ላክቲክ አሲዱ ቅርጹን ያቆየዋል፣ ሰማያዊው ግድግዳውን ይቀባዋል። ማይክሮስፖረም ሻካራ ግድግዳ ያለው፣ እንደ እንዝርት ሁለት ጫፉ የሾለ ትልቅ ኮኒዲያ ያወጣል። ኤፒደርሞፋይተን ትልቁ እንደ ዱላ ጫፉ ክብ ነው፣ ትናንሽ ኮኒዲያ ጨርሶ የለውም። ትራይኮፋይተን ትናንሾቹ ይበዙለታል፤ ትልቁ ከተገኘ ለስላሳና ቀጭን ነው።

ቫዮላሲየም ግን ያስቸግራል። ቀርፋፋ ነው፣ ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ሰም የመሰለ፣ የተጨማደደ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሆኖ ይወጣል፣ ኮኒዲያም አብዛኛውን ጊዜ አያወጣም። በሁለተኛው ሳምንት «አልበቀለም» ተብሎ የተጣለ ቱቦ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ ሲሰጠው በደንብ ያድጋል፤ ታያሚን ያለውና የሌለው ሚዲያ ላይ ጎን ለጎን ዘርቶ ልዩነቱን ማየት አንዱ መለያ ነው።

ስሙ መታወቁ ለሁለት ነገር ይጠቅማል። ትራይኮፋይተን ከሆነ ቴርቢናፊን ይሻላል፤ ማይክሮስፖረም ከሆነ ግሪሲዮፉልቪን። ሁለቱም የሚዋጡ ናቸው፤ ቅባት ብቻውን ፀጉር ሥር አይደርስም። ሌላው ምንጩ ነው። ቫዮላሲየም ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በማበጠሪያ፣ በቆብ፣ በፀጉር ማስተካከያ ማሽን። የሕፃኑ ወንድምና እኅት ምንም ሳይታይባቸው ሊይዙት ይችላሉ። አዲስ የጸዳ የጥርስ ብሩሽ ራሳቸው ላይ ደጋግሞ አሽቶ ሚዲያው ላይ መጫን ይበቃል። ቬሩኮሰም ከሆነ ግን በረቱ ይታይ።

ከጥፍር ፔኒሲሊየም ወይም አስፐርጂለስ ቢበቅል ወዲያው በሽታ ነው አይባልም። እንጀራ ላይ የሚያርፈው አቧራ ጥፍር ላይም ያርፋል። ኬኦኤቹ ላይ ክር ታይቶ፣ ያው ፈንገስ በሌላ ቀን ከተወሰደ ናሙና ደግሞ ሲበቅል ያን ጊዜ ይታመናል።

እርሾ ሲሆን መንገዱ ያጥራል። ጥቂት እርሾ በ0.5 ሚሊ ሊትር ሴረም (የደም ጥሩ ፈሳሽ) ውስጥ በ37 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይቆያል። ከሕዋሷ መነሻው ላይ ሳይጠብ ቀጥ ብሎ የወጣ ቱቦ መሰል ቡቃያ ካለ ካንዲዳ አልቢካንስ ነው፤ እጅግ የምትመስለው ዱብሊኒየንሲስም እንዲሁ ታደርጋለች። እርሾ ማብዛት ቡቃያውን ያግዳል፤ ከ3 ሰዓት በላይ ማቆየት ደግሞ ሌሎቹንም ያስወጣል።

ክሪፕቶኮከስ የሚያስፈራው ነው። የኤችአይቪ ሕመም በጠናባቸው ሰዎች ላይ ማጅራት ገትር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ቅድሚያ ሊሰጣቸው ይገባል ብሎ ከዘረዘራቸው 19 ፈንገሶች እጅግ አሳሳቢ ካላቸው አራቱ አንዱ ነው። ከጀርባ የተቀዳው ፈሳሽ በሴንትሪፉጅ ይዞርና ከዝቃጩ አንድ ጠብታ ኢንዲያ ኢንክ ከሚባል ጥቁር ቀለም ጋር ይቀላቀላል። ቀለሙ ከስላይዱ ሥር የተቀመጠ ጋዜጣ እስኪነበብ ድረስ ብቻ ይወፍር። ሕዋሷ ወፍራም ሽፋን ስላላት ጥቁሩ መሃል ብርሃን ያላት ክብ ሆና ትታያለች። ነጭ የደም ሕዋስም ዙሪያውን ትንሽ ብርሃን ይሠራል፤ ነገር ግን ጠርዙ ደብዛዛ ነው፣ እንቡጥም የለውም። ኢንኩ ላይ አለመታየቷ ነጻ ነው አያሰኝም፤ ለሽፋኑ የሚሠራው የአንቲጅን ስትሪፕ ከኢንዲያ ኢንክ ብዙ ይበልጣል።

በካልቸር ለመለየት የሚያገለግለው ሚዲያ ግን ከጎጃም ማሳ የሚታጨድ ነው፦ ኑግ። በሳይንስ ስሙ ጉይዞሺያ አቢሲኒካ፣ የሐበሻ ማለት ነው። ጀርመናዊው ሽታይብ በ1962 ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ የኑግ ፍሬ ባለበት ሚዲያ ላይ ቡናማ እንደሚሆን አሳየ። ኑግ ውስጥ ያለውን ካፌይክ አሲድ በራሷ ኤንዛይም ወደ ሜላኒን ትለውጠዋለች፤ ካንዲዳ ይህን ስለማትችል ነጭ ወይም ክሬም ሆና ትቀራለች። 50 ግራም ኑግ ይወቀጥና በ1 ሊትር ውኃ ለግማሽ ሰዓት ይፈላል፤ በጎዝ ይጠለልና የተነነው በውኃ ይተካል። 1 ግራም ግሉኮስ፣ 1 ግራም ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት፣ 1 ግራም ክሬያቲኒን፣ 15 ግራም አጋርና 50 ሚሊ ግራም ክሎራምፌኒኮል ተጨምሮ በአውቶክሌቭ ይበስላል። ግሉኮሱን ማብዛት ትልቁ ስሕተት ነው፤ ስኳር ሲበዛላት ያን ኤንዛይም ማምረት ትቀንሳለች፣ ቀለሙም አይወጣም። በ30 ዲግሪ ተቀምጦ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቡናማነቱ ይጀምራል፤ እስከ ሁለት ሳምንት ሳይታይ አይጣልም። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ሳህን ላይ ማንነቷ የታወቀ ክሪፕቶኮከስ፣ ሌላው ላይ ካንዲዳ አልቢካንስ ይዘራል። የታወቀችዋ ካልጠቆረች የዚያ ዙር ሚዲያ በሙሉ ይጣላል፤ የታማሚውም ናሙና በአዲስ ሳህን እንደገና ይዘራል።